ከአልጋ ወርዶ ቀጥታ ወደ ጀሪካን

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ወገብ ናቸው። አልገረመኝም። የምሠራው ከተማው ዳር ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ፣ ከአቃቂ ነው። ውሃ በጀሪካን፣ ሥራ በሁለት ታክሲ፣ ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ። ወገብ ምን ይበል?

አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙዎቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት አገር ቅር አይለኝም፤ ግን ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መርፌ አልወጋም፤ ቀዶ ሕክምናም አልሠራም። ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንደሚነሳና እንደሚሸከም ሳይ ነው የምውለው። መልሶቼም ወደዚያው ያጋድላሉ።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። ግፊቱ እኛ ጋ ስለማይደርስ ከታች ቀድቼ አወጣለሁ። ባለቤቴ ማለዳ ሥራ ስለሚገባ አልቀሰቅሰውም። በቀደም ጠዋት የልጄን ካልሲ ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤን ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ጋደም ስል ይሻለኛል፤ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ግን ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ጎረቤቶቼ ኩላሊት ነው አሉኝ። ሽንት ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ጀሪካን ተሸክሞ ምንም ያልሆነ ወገብ በካልሲ ይቆረጣል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ካልሲው ንጹሕ ነው። እሱ የመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ኩላሊቱን እንጨርሰው። እኛ ዘንድ ከጎድን በታች ያመመ ሁሉ ኩላሊት ይባላል። የኩላሊት ጠጠር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከጎን ይነሳል፣ መጣ ሄደ እያለ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ሰውየው ቢተኛም ቢቆምም ዕረፍት የለውም፤ ይንቆራጠጣል። ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይኖራል፤ ሽንትም ሊያቃጥል ይችላል። ያንቺ ስትጎነበሺና ስትነሺ ይብሳል፤ ጋደም ስትይ ይቀላል። ይሄ የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያና የዲስክ ሕመም ጠባይ ነው። ሽንትሽም ደህና ከሆነ ኩላሊትን እንተወው።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ወገባችን ላይ አምስት አጥንቶች አሉ። በየመካከላቸው ዲስክ አለ፤ ውስጡ ውሃ በብዛት የያዘ። ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል በሰውነታችን ክብደት የተነሳ ዲስኩ ውሃ ይለቃል። ሌሊት ስንተኛ መልሶ ይጠጣል። እንደ ተነከረ ሽምብራ ነፋ ብሎ ያድራል። ጠዋት ቁመታችን ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚበልጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ነፋ ያለ ዲስክ የተወጠረ ዲስክ ነው። ከአልጋ እንደወረድን ጎንበስ ስንል የሚያርፍበት ጫና ከሰዓት በኋላ ከሚያርፍበት በጣም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነበር። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን ሰዎች ጠዋት ጠዋት ከመጎንበስ እንዲቆጠቡ ብቻ አደረጓቸው። ሕመማቸው ቀነሰ።

አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ትነቂያለሽ። ብርድ ነው። ሰውነትሽ ገና አልተፍታታም፣ ዲስኩ እንደተወጠረ ነው። ደረጃውን በጨለማ ወርደሽ፣ 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን ከመሬት ብድግ ታደርጊያለሽ። ያውም በአንድ እጅ፣ በአንድ ጎን። ከዚያ አራት ፎቅ። ከዚያ ተመልሶ መውረድ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም ለማንሳት ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው 23 ኪሎ ነው። እሱም ሁሉ ነገር ሲመቻች ነው፤ ዕቃው ወገብ አካባቢ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ሰውነት አጠገብ ሆኖ፣ መጠማዘዝ ሳይኖር፣ መያዣውም ምቹ ሲሆን። ያንቺ ጀሪካን ከነዚህ የትኛውን ያሟላል? ስለዚህ ወገብሽ ለወራት ሲደክም ቆይቶ በካልሲ ቀን ቆመ። በሽተኞቼ ሁሉ የሚነግሩኝ የመጨረሻውን ነገር ነው፤ ካልሲ፣ ሳሙና፣ የጫማ ክር። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ስለነበረው ወር ነው።

ውሃው በፈረቃ መምጣቱን እኔም አንቺም አንቀይረውም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቧንቧው ሥር ጠንካራ በርጩማ ወይም ሁለት ብሎኬት አድርጊ። ጀሪካኑ እዚያ ላይ ሆኖ ይሞላ። ከመሬት ከማንሳት ከጉልበት ከፍታ ማንሳት በጣም ይለያል። ባለ 20ውን ትተሽ ሁለት ባለ 10 ግዢ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ውሃው ያው ነው፣ ወገብሽ ግን ወደ አንድ ጎን አይጎተትም። ከአልጋ ወርደሽ ቀጥታ ወደ ጀሪካን አትሂጂ። ሻይ ጣጂ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በይ፣ ባዶውን ጀሪካን አውርጂ። በርሜሉን ወጥ ቤት ውስጥ ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጪና ከታች ቧንቧ አስገጥሚለት። በጆግ ለመቅዳት እየተጎነበሱ በርሜል ውስጥ መግባት ይቀራል። ባለቤትሽን በተመለከተ፣ አስተያየት አልሰጥም። ባለ 10 ሊትር ጀሪካን የወንድ እጅም ላይ ያምራል ብዬ ብቻ ልለፍ።

ሳፋውንም ከመሬት አንሺው። ትንሿ ዱካ ላይ ጉልበትሽ አገጭሽን እስኪነካ ተቀምጠሽ ሁለት ሰዓት ስታጥቢ ወገብሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተቀሰተ ነው። ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቆመሽ እጠቢ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ከፍ ያለ ወንበር። እንጀራ ስትጋግሪም የሊጡ ባልዲ መሬት ላይ አይሁን፤ በየእንጀራው ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ባልዲውን ከምጣዱ እኩል አድርጊው፤ ሥራው ይፈጥናልም። ቡና ስታፈዪም ቢሆን ከአቦል ወደ ቶና ስትሸጋገሪ ተነሺ። እንግዳ አይቀየምም።

ጎንበስ ማለት ክልክል ነው ብለው የሚያስፈራሩሽን አትስሚ። ወገብ እንዲጎነብስ ሆኖ የተፈጠረ ነው። የሚጎዳው አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሳይቋረጥ ሲረዝም፣ ከባድ ነገር ከሰውነት ርቆ ሲነሳ፣ ይህም ሰውነት ሲደክምና ሳይፍታታ ሲደጋገም ነው።

አሁን ላለው ሕመም፦ አልጋ ላይ አትክረሚ። አንድ ሁለት ቀን ቀለል ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መተኛት ጡንቻውን ያደክማል፣ ማገገሙንም ያዘገያል። በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ደስ ካለሽ አድርጊ። ቤት ውስጥ በየሰዓቱ ተንቀሳቀሺ። እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ፋርማሲ ገብቶ «የወገብ መርፌ» ማስወጋት ግን ይቅርብሽ። ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ነው። ጨጓራ፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መደጋገሙ ለጤነኛም አይሆንም። ኩላሊቴ ነው ብሎ ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየጊዜው አያለሁ። ወጌሻ ጋ ሄዶ በቅባት መታሸት አይጎዳም። ወገብን ጠምዝዞ «ቋ» ማሰኘት ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክ። የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፣ ከዓለም ባንክ ሜክሲኮ። ዕድሜ 41። ወገቤን ካመመኝ ዓመት አልፎኛል። እግሬን አያመኝም፣ አይደነዝዘኝም። ኤም.አር.አይ ተነስቼ ኤል 4 እና ኤል 5 (አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንት) መሃል ዲስክህ ወጣ ብሏል አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ አላነሳም፣ ልጄንም አላቅፍም። ቀበቶ ገዝቼ አስራለሁ። ኦፕሬሽን ልደረግ ወይስ መኪናውን ልሽጥ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህን እቀፍ። ዛሬ ማታ።

ያቺ የኤም.አር.አይ ወረቀት ከሕመሙ በላይ አስፈርታሃለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ነበር። ምንም ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል አየ። 40 ዓመት ገደማ ከሆናቸው ግማሾቹ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኘ። ምንም የማያማቸው ናቸው እንግዲህ! ከእኔ ጋር ምሳ የሚበሉትን እኩዮችህን ኤም.አር.አይ ባስነሳቸው ስንቱ ልጁን ማቀፍ ያቆም ነበር። ምስሉ ዋጋ የሚኖረው ከምርመራው ጋር ሲገጥም ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ዲስኩ ነርቭ ተጭኖ የእግር ሕመሙ ከሳምንታት ሕክምና በኋላም አልሻል ሲል፣ ወይም እግር እየደከመ ሲሄድ ነው። አንተ ዘንድ ይሄ የለም።

ቀበቶውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ያወጣው መመሪያ አይመክረውም። ገዝተህዋል፤ ለክፉ ቀን አስቀምጠው። የወገብህ ቀበቶ የራስህ ጡንቻ ነው።

መኪናውንም አትሽጥ። ወንበሩን ግን እንይ። የኋላ ኪስህ ውስጥ ቦርሳ አለ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ቦርሳ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዝርዝር ጥቅል። አንዱን መቀመጫህን ከፍ አድርጎ ቀኑን ሙሉ አጣሞህ ይውላል። አውጣው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበው፤ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር፣ ወገብህም ከመደገፊያው አይላቀቅ። መደገፊያው ቀጥ ብሎ አይቁም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንብል። ወገብህ ጋ ክፍተቱ ላይ ፎጣ ጠቅልለህ አድርግ። የወንበሩ ስፖንጅ አልቆ ብረቱ የሚሰማህ ከሆነ አስሞላው። የጎማ ንፋስና ሾክ አብዞርበርም የወገብ ጉዳይ ናቸው። ሰውነትን ሙሉ የሚያርገፈግፍ ንዝረት ለሹፌሮች የወገብ ሕመም ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዳር ሰፈር ያለውን ኮብልና ጉድጓድ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ተራ ስትጠብቅ ውረድ። እዚያው ተቀምጠህ ስልክ አትነካካ። ቆመህ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ ወደ ኋላ ቀና በል፣ ደጋግመህ፣ ከዚያ መኪናውን ዙር። ከረጅም መንገድ በኋላ እንደወረድክ ሰው ጆንያ አውርድልኝ ቢልህ ትንሽ ቆይ በለው። ብዙ የተቀመጠ ወገብ ወዲያው ጭነት አይወድም። ጎንበስ ብሎ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለውን ረዳትህንም አንዳንዴ አስቀምጠው፤ እሱም ነገ ለእኔ ደብዳቤ ይጽፋል።

ከሁሉ በላይ በእግርህ ሂድ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት 701 ሰዎችን ተከታተለ። ሁሉም ወገባቸውን አሟቸው የዳኑ ነበሩ። ግማሾቹ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ወደ መሄድ እንዲደርሱ ተደረገ። ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ቆዩ። ሌሎቹ 112 ቀን። መድኃኒት አልተሸጠበትም፣ ማሽን አልተገዛበትም። ማታ መኪናውን አቁመህ ወደ ቤት የምትሄድበትን ባጃጅ ተወውና በእግርህ ግባ።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። 68 ዓመቴ ነው፣ ኑሮዬ ሱሉልታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ፣ ስሄድም ወገቤና ሁለቱ እግሮቼ ይዝላሉ። መቋሚያዬ ላይ ደገፍ ስል ወይም አረፍ ስል ይተወኛል። ብርድ ነው ይሉኛል። ጣውላ ላይ ተኛ ስላሉኝ ፍራሹን አንስቼ ጣውላ ላይ ነው የማድረው፣ ግን አላሻለኝም። ደግሞስ ሰሙነ ሕማማት ሲመጣ ስግደቱን እንዴት ላድርግ?»

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሐኪም ጠይቆ የማያወጣውን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ መቋሚያው።

ቆመው ቀጥ ሲሉ የሚያምዎ፣ ወደ ፊት ደገፍ ሲሉ የሚተውዎ ከሆነ፣ ነርቮቹ የሚያልፉበት የአከርካሪ ቦይ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በእድሜ የሚመጣ ነው። ቀጥ ሲሉ ቦዩ ይበልጥ ይጠባል፣ ጎንበስ ሲሉ ይሰፋል። ዳገት ሲወጡ ከቁልቁለቱ ይሻልዎታል? ከሆነ ግምቴን ያጠነክረዋል። እግር ላይ የደም ዝውውር ሲያንስም ተመሳሳይ ነገር ስለሚፈጠር፣ ሆስፒታል ሄደው ሁለቱም ይታይልዎ። የሱሉልታ ብርድ ጡንቻን ያስጨንቅ ይሆናል እንጂ ቦይ አያጠብም።

ጣውላውን ዛሬ ያንሱት። ደረቅ ነገር ላይ መተኛት ለወገብ ይበጃል የሚባለው የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ 313 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ከጠንካራው ይልቅ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሽሎ ተገኝቷል። መሃሉ የጎደጎደ አሮጌ ስፖንጅም አይሁን። በጎንዎ ተኝተው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ። ሲነሱ በጎን ዞረው፣ እግርዎን አውርደው፣ በክንድዎ ተደግፈው ይነሱ።

ስግደቱን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሕመምተኛ እንደ አቅሙ እንዲሰግድ መፍቀድ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከተፈቀደልዎ አጠገብዎ ወንበር ይኑር። አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ እጅ፤ ሲነሱም ወንበሩን ይዘው በዚያው ቅደም ተከተል። አይቻኮሉ። ቅዳሴ ላይም መቋሚያውን አስቀድመው ይደገፉት፤ እስኪያምዎ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ «የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከእሱ ይከብዳል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይጎብጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ከለገጣፎ።»

መልስ፦ በቦርሳ ምክንያት አከርካሪው ተጣሞ ይቀራል ብለሽ አትስጊ፤ ለዚያ ማስረጃ የለም። ትከሻና ወገቡን ግን ሊያደክመው ይችላል። ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ማታ ቦርሳውን ገልብጪው፤ ግማሹ የነገ ትምህርት እንዳልሆነ ታገኚዋለሽ። ሁለቱንም ማንገቻ ያድርግ። እኔን ከቦርሳው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሲመለስ ሶፋ ላይ ተጣጥፎ በስልክ የሚያሳልፈው ሰዓት ነው። ውጭ ኳስ ይጫወት።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ሰበታ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። ጀርባውን ካመመው ሦስት ወር አለፈው። ሁሉም ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይላል። ግን ሥራ ካቆመም አልተሻለውም። ሌሊት ይብስበታል፣ አንሶላው እስኪረጥብ ያልበዋል። ሱሪው ሰፍቶታል። አጥንቱ ላይ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ዳሰስኩ። አይስልም። ወጌሻ ጋ ልውሰደው?»

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንም። ወጌሻ እንዳይነካው።

እስካሁን ለሌሎቹ የነገርኳቸው ስለ በርጩማና ስለ ወንበር ነበር። ይሄ ሌላ ነው። የሸክም ሕመም ሲያርፉ ቀስ በቀስ ይቀላል። ሥራ ቆሞም የማይተው፣ ሌሊት የሚብስ፣ ላብና ክሳት ያለው፣ አጥንት ላይ ጉብታ ያወጣ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ አለመሳሉ አያጽናናሽ። እሱ ካልሆነም ሌላ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነም ይናገር፤ ከከብት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ወገብ ያማል። ቲቢ ከሆነ ይታከማል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ቢዘገይ አጥንቱ ይፈርስና ነርቭ ይጫናል፣ እግር እስከማሽመድመድ ይደርሳል። ለዚህ ነው ማንም እንዳይጫነውና እንዳያጣምመው ያልኩሽ።

ነገ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መርምረው ለራጅና ለሌላ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይጽፉለታል። እዚያ ሲደርስ «ጀርባዬን ያመኛል» ብቻ ብሎ ማስታገሻ ይዞ እንዳይመለስ። ሦስት ወሩን፣ የሌሊቱን ላብ፣ ክሳቱን፣ ጉብታውን አንድ በአንድ ይናገር። እግሩ ከደከመ፣ ሲሄድ ከተወላገደ፣ ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ በጭኖቹ መሃልና መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው ግን ነገን አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ይህ የመጨረሻው ለሁላችሁም ይሠራል፤ ሹፌሩም፣ የቱሉ ዲምቷ እህቴም፣ አባቴም።

ከቻልሽ አብረሽው ግቢ። በዚያ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ሐኪም ፊት ሲደርሱ «ትንሽ ነው» ማለት ይወዳሉ።